ከጣት እስከ ቁጥር፦ ሰውነት ረቂቅ ሐሳብን እንዴት ይቀርጻል?

በዓይን የማይታየውንና በእጅ የማይያዘውን ነገር «ረቂቅ» እንለዋለን፤ ተቃራኒውን ደግሞ «ተጨባጭ»። ሁለቱም ቃላት ግን መነሻቸው ዳሰሳ ነው። ረቂቅ ማለት በመሠረቱ የቀጠነ፣ የደቀቀ፣ ከመዳፍ የሚያመልጥ ማለት ሲሆን፣ ተጨባጭ ደግሞ መዳፍ ሊጨብጠው የሚችል ማለት ነው። አንድ ማብራሪያ ሲገለጥልን «ገባኝ» እንላለን፤ ሁለት አማራጮችን «እናመዛዝናለን»፤ ኃላፊነት «ይከብደናል»፤ ቁጥር «ከፍ» እና «ዝቅ» ይላል። ስለ ጊዜ ስንናገር እንኳ ከገላችን አንርቅም፤ «ወደፊት» እና «ከኋላ» የምንላቸው አቅጣጫዎች ፊትና ጀርባ ያለው፣ የሚራመድ ፍጡር አቅጣጫዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው አነጋገር የንግግር ማጣፈጫ ብቻ እንዳልሆነ፣ የአስተሳሰባችንን አሠራር የሚያሳይ እንደሆነ፣ ከ1980 ጀምሮ አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል የቋንቋ ሊቁ ጆርጅ ላኮፍና ፈላስፋው ማርክ ጆንሰን ይገኛሉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ እነርሱ አባባል፣ ልጅ ሳለን ዕቃ ስንደራርብ ክምሩ ሲበዛ ከፍ እያለ ያየነው ነገር «መብዛት» እና «ከፍታ»ን በአእምሯችን ያጣምራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ክምር የሌለው ነገር ሁሉ፣ ደመወዝም ሆነ ዕውቀት፣ ሲበዛ «ከፍ» ይላል። ይህ ለስሜትና ለጊዜ እውነት ቢሆን ብዙም አያስገርምም። የሚያስገርመው ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል፦ ከሐሳቦች ሁሉ ንጹሕ፣ ከሥጋና ከደም የራቀ የሚመስለው ቁጥርስ ከሰውነት የተቀዳ ሊሆን ይችላል? መልሱ፣ እኔ እንደማየው፣ «አዎን፣ ግን በከፊል» ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም አዎንታው ከምን እንደመጣና ከፊሉ የት ላይ እንደሚቆም ለማሳየት ነው።

በጣት እንጀምር። ዛሬ የኮምፒውተሩን ዓለም የምንጠራበት «ዲጂታል» የሚለው ቃል የመጣው ጣት ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ «ካልኩሌተር» ደግሞ ትንሽ ጠጠር ከሚል ቃል የተገኘ ነው። ሁለቱ ቃላት ሰው የሚቆጥርባቸውን ሁለት ጥንታዊ ነገሮች፣ የገዛ እጁንና በእጁ የሚያንቀሳቅሰውን ጠጠር፣ እስከ ዛሬ ተሸክመው ይዞራሉ። በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የቁጥር ሥርዓቶች በ10 ወይም በ20 ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውም ከ10 የእጅ ጣቶቻችን፣ ወይም የእግሩ ሲጨመር ከ20ዎቹ፣ ሌላ አሳማኝ ምክንያት የለውም፤ 10 በስሌት ረገድ ከ12 የተሻለ ቁጥር አይደለምና። እንዲያውም 12 ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ሲካፈል 10 የሚካፈለው ለ2 እና ለ5 ብቻ ነው።

ከጣት አልፎ መላ አካሉን የቁጥር መስመር ያደረገ ሕዝብም አለ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖሩት ኦክሳፕሚኖች በባህላዊው አቆጣጠራቸው ከአንዱ እጅ አውራ ጣት ይነሡና በጣቶቹ፣ በአንጓው፣ በክርኑ፣ በትከሻው፣ በጆሮውና በዓይኑ አልፈው አፍንጫ ላይ ሲደርሱ 14 ይሞላል፤ ከዚያ በሌላው ወገን ወርደው በትንሿ ጣት 27 ላይ ያበቃሉ። ለቁጥሮቹ የተለየ ስም የላቸውም፤ «አፍንጫ» የሚለው ቃል ራሱ 14 ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄፍሪ ሳክስ ያገኘው ነገር ለጉዳያችን እጅግ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቃ ለመቁጠር ሥርዓቱ በቂ ነው። ነገር ግን 6 እና 8 ሲደመሩስ? ቆጣሪው እስከ አንጓው፣ ማለትም እስከ 6፣ ይደርስና ይቀጥላል፤ ሆኖም 8 ጊዜ መቀጠሉን በምን ያውቃል? ገላው እንደሆነ የመጀመሪያውን ቁጥር በመቁጠር ተይዟል። ገንዘብና ሱቅ ወደ አካባቢው ሲገቡ ይህ ችግር የየዕለት ችግር ሆነ፤ በሱቅ ንግድ የቆዩ ሰዎችም መፍትሔ አበጁለት። ከአንጓው ቀጥሎ ያለውን ክንድ «አውራ ጣት» ብለው ይጠሩታል፤ ቀጣዩን «ሌባ ጣት»፤ እንዲህ እያሉ «ክርን» የሚለው ስም፣ ማለትም 8፣ አፍንጫ ላይ ሲያርፍ ድምሩ 14 መሆኑን ያውቃሉ።

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል። «ክርን» የሚለው ስም ከክርን ተነሥቶ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ። ቃሉ ሥጋውን ለቆ ብዛትን ብቻ ማመልከት ጀመረ። ረቂቅ ሐሳብ ሲወለድ በዓይን ማየት ይቻላል ቢባል የሚታየው በዚህ ቅጽበት ነው፦ የአካሉ ክፍል መጀመሪያ ቁጥሩን ያስገኛል፣ ኋላም ቁጥሩ ከአካሉ ተላቆ ይሄዳል።

በጣት መቁጠር ካቆምን ከረጅም ጊዜ በኋላም ቢሆን ጣቶቻችን አሻራቸውን ትተው ይገኛሉ። በ2008 የጀርመን ልጆች በመደመርና በመቀነስ የሚሠሯቸውን ስህተቶች የመረመሩ አጥኚዎች፣ ከትክክለኛው መልስ በ5 የሚርቁ ስህተቶች ከሚጠበቀው በላይ ብዙ ሆነው አገኟቸው። 8 ሲደመር 6 ተጠይቆ 9 ወይም 19 ብሎ የሚመልስ ልጅ ምን እንደጎደለው ወይም እንደተረፈው ስናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ልጁ የዘለለው አንድ ሙሉ እጅ ነው። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የልጁን እጅ ከእይታው ሸፍኖ አንዱን ጣት በመንካት «የትኛው ጣት ነው የተነካው?» የሚል ቀላል ፈተና አለ። በ2005 በታተመ አንድ ጥናት በአንደኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ በዚህ ፈተና የተሻሉ ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ በቁጥር ነክ ሥራዎች የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ በንባብ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። ኋላ የመጡ ጥናቶች የዝምድናውን ጥንካሬ አነስ አድርገው እንዳገኙት መጨመር ይገባል።

ሐኪሞችም ከዚህ ቀደም ብለው የጣትንና የስሌትን ጉርብትና አስተውለው ነበር። ኦስትሪያዊው የነርቭ ሐኪም ዮሴፍ ጌርስትማን በ1924 የገዛ ጣቶቿን ለይታ ማወቅ የተሳናትን አንዲት ታማሚ ገለጸ፤ ከጊዜ በኋላ በስሙ የተጠራው የሕመም ስብስብ አራት ነገሮችን ያጣምራል፦ ጣቶችን አለመለየት፣ ግራና ቀኝን ማምታታት፣ መጻፍ አለመቻልና ማስላት አለመቻል። ጉዳቱ የሚገኘው በአንጎል ግራ ንፍቅ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ነው። አራቱ ችግሮች አብረው የሚመጡት ሥራቸው በእርግጥ አንድ መሠረት ስላለው ነው ወይስ በአንጎል ውስጥ ጎረቤት ስለሆኑና አንድ ጉዳት ሁሉንም ስለሚነካ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ጎረቤት መሆናቸው ግን በራሱ ትርጉም አለው፤ ለመቁጠር ተብሎ የተፈጠረ አዲስ የአንጎል ክፍል ስለሌለ፣ ቁጥር የተማረ ሰው ቀድሞ ለእጅና ለቦታ የሚያገለግለውን ክፍል ለአዲስ ሥራ ያውለዋል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ቦታ ሲባል ሁለተኛውን ትልቅ ምንጭ ማንሣት ግድ ይላል። በ1993 ፈረንሳዊው የአእምሮ ተመራማሪ ስታኒስላስ ደሃን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሠራው ሙከራ እጅግ ቀላል ነበር። ተሳታፊው አንድ አኃዝ ያያል፤ ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚካፈል መሆን አለመሆኑን በግራ ወይም በቀኝ እጁ ቁልፍ ተጭኖ ይመልሳል። የቁጥሩ ትልቅነት ከጥያቄው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሆኖም ሰዎች ለትንንሽ ቁጥሮች በግራ፣ ለትልልቅ ቁጥሮች በቀኝ እጃቸው ይፈጥኑ ነበር። ደግሞም ትልቅና ትንሽ የሚወሰነው በንጽጽር ነው፤ 5 ከ0 እስከ 5 ባለው ስብስብ ውስጥ የቀኝ እጅ ቁጥር ሲሆን፣ ከ4 እስከ 9 ባለው ስብስብ ውስጥ የግራ እጅ ቁጥር ይሆናል። አእምሮ ሳይጠየቅ ቁጥሮችን በአንድ የማይታይ መስመር ላይ ይደረድራቸዋል ማለት ነው።

ይህ መስመር ለምን ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ? አንዱ መልስ ዓይናችንና እጃችን በጽሑፍ ላይ የሚሄዱበት ልማድ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት ቃልንም ቁጥርንም ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነቡ ካናዳውያንን፣ ሁለቱንም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡ ፍልስጥኤማውያንን፣ እንዲሁም ቃልን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቁጥርን ግን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነቡ እስራኤላውያንን አነጻጽሯል። በመጀመሪያዎቹ መስመሩ ወደ ቀኝ፣ በሁለተኛዎቹ ወደ ግራ ሄደ፤ ሁለት ተቃራኒ ልማድ ባላቸው በሦስተኛዎቹ ደግሞ የጎላ አቅጣጫ አልታየም። በየቀኑ የሚደገም ትንሽ የዓይንና የእጅ እንቅስቃሴ የቁጥርን መልክዓ ምድር ይወስናል። ይሁን እንጂ ልማድ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በ2015 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ ገና በተፈለፈሉ በሦስተኛ ቀናቸው ላይ ያሉ ጫጩቶች 5 ነጥብ ከለመዱ በኋላ 2 ነጥብ ሲቀርብላቸው ወደ ግራ፣ 8 ሲቀርብላቸው ወደ ቀኝ ማዘንበላቸውን ዘግቧል። ይህ ውጤት ገና ያከራክራል፤ ጫጩት ግን መጽሐፍ አታነብም።

ስለዚህ መስመር ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ማስረጃ የመጣው ከሕሙማን ነው። የአንጎላቸው ቀኝ ንፍቅ የተጎዳ አንዳንድ ሰዎች በግራቸው በኩል ያለውን ዓለም ልብ አይሉትም፤ የተሰመረን መስመር መሃል ላይ እንዲቆርጡ ሲጠየቁ ግራውን ስለሚዘነጉ ወደ ቀኝ አርቀው ይቆርጡታል። በ2002 ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ያለ ምንም ወረቀት፣ በቃል ብቻ፣ «በ2 እና በ6 መካከል ያለው ቁጥር ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው እንደ 5 ያለ መልስ ይሰጡ ነበር። ማስላት አልተሳናቸውም፤ መደመርና መቀነስ ይችላሉ። የተዛባው በአእምሯቸው ያለው መስመር ነው፤ በወረቀት ላይ ያለውን መስመር በሚያዛቡበት መንገድ እርሱንም አዛቡት። በ2009 ደግሞ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅሱ የሚታየውን የአንጎል ሥራ ብቻ አይቶ መለየት የተማረ የኮምፒውተር ቀመር፣ ያንኑ ዕውቀቱን ይዞ መደመርና መቀነስን በመጠኑ መለየት ችሏል፤ መደመር ዓይን ወደ ቀኝ የሄደ ያህል ይመስለው ነበር።

የሒሳብ ታሪክም ለዚህ ምስክር አለው። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ለአውሮፓ የሒሳብ ሰዎች ለብዙ ዘመን የማይዋጡ ነበሩ፤ ከምንም ያነሰ ነገር እንዴት ሊኖር ይችላል? እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ በ1685 ጥያቄውን የፈታው በሚራመድ ሰው ነው። አንድ ሰው 5 ያርድ ወደፊት ሄዶ 8 ያርድ ወደኋላ ቢመለስ ከተነሣበት ቦታ ምን ያህል ወደፊት ተራምዷል? መልሱ ከዜሮ በታች 3 ነው፤ ማለትም ከመነሻው 3 ያርድ ወደኋላ ነው ያለው። እንደ ብዛት ሲታሰብ የማይቻል የነበረው ነገር፣ እንደ እርምጃ ሲታሰብ ማንም ሰው በእግሩ ሊፈጽመው የሚችል ተራ ነገር ሆነ። ረቂቁ ሐሳብ ያገኘው አዲስ ማስረጃ አልነበረም፤ ያገኘው አዲስ አካላዊ ልምድ ነበር።

እስከ አሁን ያየነው ሰውነት ቀድሞ ያስቀመጠውን አሻራ ነው። በመማር ላይ ሳለን ሰውነት የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ በተለይም ስንናገር ሳናስበው የሚንቀሳቀሰው እጃችን። ከተወለዱ ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ሰዎች፣ የሌላን ሰው እጅ አይተው የማያውቁ፣ ሌላ ዓይነ ስውር ሲያነጋግሩ እንኳ እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም በ1998 ታይቷል። ስለዚህ የእጅ እንቅስቃሴ ለሚያየው ሰው ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ለተናጋሪው ራሱ ይጠቅመዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ጎልዲን ሜዶው ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 ሰዎች አንድ ሒሳብ እንዴት እንደሠሩ እያስረዱ ሌላ ዝርዝር በአእምሯቸው እንዲይዙ አደረገች፤ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያስረዱ ከዝርዝሩ ይበልጡን ያስታውሱ ነበር። እጁ ከሸክሙ የተወሰነውን ተቀበለ ማለት ነው።

በ2009 የተደረገው ሙከራ ይበልጥ ጠልቆ ይሄዳል። ለልጆች የቀረበላቸው ጥያቄ 4 ሲደመር 3 ሲደመር 6 ከባዶ ቦታ ሲደመር 6 ጋር እኩል እንዲሆን በባዶው ቦታ ምን ይግባ የሚል ዓይነት ነው። ብዙ ልጆች «እኩል ነው» የሚለውን ምልክት «መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ስለሚረዱት ከምልክቱ በፊት ያሉትን ሁሉ ደምረው 13 ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ ልጆች ሁለት ጣቶቻቸውን ከፍተው ከ4 እና ከ3 በታች እንዲያስቀምጡ፣ ከዚያም ወደ ባዶው ቦታ እንዲጠቁሙ ተደረገ፤ ሌሎቹ ተመሳሳዩን እንቅስቃሴ ግን በተሳሳቱ ቁጥሮች ላይ፣ የቀሩት ደግሞ ያለ ምንም እንቅስቃሴ ተማሩ። ከትምህርቱ በኋላ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ያደረጉት ከሁሉ በለጡ፤ በተሳሳቱት ቁጥሮች ላይ ያደረጉት እንኳ ምንም ካላደረጉት ተሻሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ማቧደን የሚባለውን ስልት መምህሩ አንድም ጊዜ በቃል አልነገራቸውም፤ ልጆቹ ግን ኋላ በራሳቸው ቃል ይናገሩት ጀመር። ሐሳቡ መጀመሪያ የገባው በጣታቸው በኩል ነው፤ ምላስ ላይ የደረሰው በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ያነበበ ሰው በቀላሉ ልቡ ሊሸፍትና ከማስረጃው በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ዘርፉ ራሱም ሄዶ ነበር። ትኩስ መጠጥ የያዘ ሰው ሌሎችን «ሞቅ ያሉ» አድርጎ ያያል የተባለበት የ2008 ሙከራ ኋላ በትልልቅ ናሙናዎች ሲደገም አልተገኘም። የቁጥሩ መስመርም ከዚህ አላመለጠም። በ2003 ትንሽ አኃዝ ማየት ብቻ ትኩረትን ወደ ግራ፣ ትልቅ አኃዝ ማየት ወደ ቀኝ ይስባል ተብሎ ነበር፤ በ2020 በ17 ቤተ ሙከራዎች በጋራ ሲፈተሽ ያን የሚያህል ውጤት አልታየም። የ1993ቱ የሁለት እጅ ሙከራ ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር ጸንቶ ቆሟል። ስለዚህ «ሁሉም ሐሳብ አካላዊ ነው» የሚለው ጥቅል አባባልና በጥንቃቄ የተፈተሸ የተወሰነ ግኝት በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም።

ከዚህ የበለጠ ከባድ ገደብም አለ። በኒካራጓ የሚኖሩ፣ መስማት የተሳናቸው፣ የምልክት ቋንቋ ሳይማሩ ያደጉና ከቤተሰባቸው ጋር ራሳቸው በፈጠሩት ምልክት የሚግባቡ አዋቂዎች በ2011 ተጠንተዋል። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ በሚዘዋወርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይሠራሉ፤ ብዛትን በጣታቸው ያሳያሉም። ነገር ግን ብዛቱ ከ3 ሲያልፍ የሚያሳዩት የጣት ቁጥር ትክክለኛ ሳይሆን የተጠጋ ብቻ ይሆናል። ጣት አላቸው፣ ፍላጎቱም አላቸው፤ የሌላቸው በቅደም ተከተል የሚቆጠር፣ ከሌሎች የተወረሰ የቁጥር ስሞች ዝርዝር ነው። በተቃራኒው ደግሞ ማየት የተሳናቸው ልጆች ጣታቸውን ለመቁጠር የሚጠቀሙት ከሚያዩት ልጆች ባነሰ ሁኔታ ቢሆንም፣ በ2011 በታተመ ሌላ ጥናት በመቁጠር አላነሱም። ጣት ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ጣትም መንገድ አለ። ሰውነት መሰላል ነው ቢባል ወደ ቁጥር የሚያወጣው ብቸኛው መሰላል አይደለም፤ ቋንቋ ሳይጨመርበት ደግሞ ሦስተኛው እርከን ላይ ያበቃል።

ይህን ሁሉ ይዞ ልጅ የሚያስተምር ሰው ምን ያድርግ? በጣቱ የሚቆጥርን ጀማሪ ልጅ መከልከል ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሰላሉ ላይ ሳለ መሰላሉን መንጠቅ ነውና። ጊዜው ሲደርስ ልጁ ራሱ ይተወዋል፤ በቃሉ የያዘው ድምር ከጣቱ ይፈጥንለታል። ጨዋታም ቢሆን ቅርጹ ለውጥ ያመጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ ከ1 እስከ 10 በቀጥታ መስመር በተደረደሩ ሳጥኖች ላይ ጠጠር እያንቀሳቀሱ የተጫወቱ ትንንሽ ልጆች በጥቂት አጫጭር ጨዋታዎች ብቻ የቁጥር ግንዛቤያቸው መሻሻሉን አሳይተዋል፤ ሳጥኖቹ በክብ ሲደረደሩ ግን ያው ጥቅም አልተገኘም። በክብ ላይ 9 ከ1 ሩቅ አይደለም፤ በቀጥታ መስመር ላይ ግን እጁ ረጅም ርቀት፣ ብዙ እርምጃ፣ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ የ9ን ትልቅነት ልጁ በክንዱ ያውቀዋል።

መሰላሉ ከተተወ በኋላም ቢሆን እንቅስቃሴው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አባከስ በሚባለው፣ ዶቃዎችን በዘንግ ላይ በማንሸራተት በሚያሰላው መሣሪያ ለዓመታት የሠለጠኑ ልጆች መሣሪያው ሲወሰድባቸው በአእምሯቸው ሥለው ማስላታቸውን ይቀጥላሉ፤ ጣቶቻቸውም በባዶ አየር ላይ፣ የሌሉትን ዶቃዎች እየገፉ ይንቀሳቀሳሉ። እጃቸውን እንዳያዩ ቢደረግ ስሌታቸው አይበላሽም። እጃቸው ከስሌቱ ጋር የማይገናኝ ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ግን ይሳሳታሉ፤ ዶቃውን ለመግፋት የሚዘጋጀው የአንጎላቸው ክፍል በሌላ ሥራ ተይዟልና።